ጥቁሩን አውጪልን

ሰውየው ጥቁር ጸጉር አለው። ጥቁር ዓይን አለው። ጥቁር ኮት ለብሷል። ይህን ሰው ጥቁር ከፈይ ፊት አቁመው ቀረጹትና ወደ እኔ ልከው «ጥቁሩን አውጪልን» አሉኝ።

«የትኛውን ጥቁር?» አልኩ።

«ከኋላው ያለውን ነዋ» አለ ጋሼ፣ የስቱዲዮው ባለቤት። ጋሼ ለደንበኛ እምቢ ብሎ አያውቅም። ሙሽራዋን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ ቢሉት እንኳ «ምን ችግር አለ» ይላል፤ ችግሩ የሚመጣው ወደ እኔ ጠረጴዛ ነው። «እሱን አውጥተሽ መጻሕፍት ታስገቢበታለሽ። መደርደሪያ ሙሉ መጻሕፍት። እሜቴ እንደዚያ ነው የሚፈልጉት።»

«ለኮምፒውተሩ እኮ ጥቁር ሁሉ አንድ ነው ጋሼ። ከኋላው ያለውን አውጣ ስለው ጸጉሩንም ዓይኑንም አብሮ ነው የሚያወጣው። አረንጓዴ ጨርቅ የገዛነው ለምን ይመስልሃል? አረንጓዴ ሰው ስለሌለ ነው።»

«ነግሬያቸው ነበር። ‹ልጄ እንደ በሬ ሣር ፊት አይቆምም› አሉኝ።»

እሜቴ የሚላቸው የከተማውን ትልቁን የቤት ዕቃ መደብር ባለቤት ነው። ለሶፋ የሚሆነውን ውድ ከፈይ በጥቅሉ ከመጋዘን አስወጥተው ሳሎናቸው ውስጥ አሰቅለዋል፣ ልጃቸውን ከፊቱ አቁመዋል፣ የራሳቸውን ሰው አምጥተው አስቀርጸዋል። ጨርቁ ውድ ስለሆነ ጥሩ ይወጣል ብለው ነው። ባለጠጋ ሰው ካሜራም እንደ እንግዳ ገብቶ የጨርቅ ዋጋ የሚያይ ይመስለዋል።

ቪዲዮው የሚላከው ባሕር ማዶ ላለች ልጅ ቤተሰብ ነው። የተማረች ናት አሉ፣ የደህና ሰው ልጅ። ቤተሰቧ መጀመሪያ ልጁን ይየው፣ ድምፁን ይስማው፣ ከዚያ ወላጅ ከወላጅ ይነጋገራል። ሶፋም እኮ የሚሸጠው እንዲህ ነው።

ፋይሉን ከፈትኩት። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና ፈገግ አለ።

ፈገግታውን አወቅኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የኔ ነው ብዬ የኖርኩበት ፈገግታ ነው።

*

ስቱዲዮ ውስጥ ልዑሉ እንለዋለን። ስሙን ያወጣው ሎጋው ነው፤ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ካሜራማናችን። የልዑሉን የአክስት ልጅ ሠርግ ልንቀርጽ ሄደን የመብራት ማቆሚያው ተሰበረ። በአንድ እጄ መብራት በሌላው ገመድ ይዤ ስንገላታ ከእንግዶቹ መሃል አንድ ወጣት ተነሥቶ መብራቱን ተቀበለኝ፣ ሠርጉ እስኪያልቅም ይዞልኝ ቆመ። ሎጋው «ልዑሉ አሽከር ሆነ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ክንዱ እየተንቀጠቀጠ «አልደከመኝም» ሲለኝ አይቼ አልቆልኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከስልኩ የከበደ ነገር ሲሸከም አላየሁትም። ግን ሴት ልጅ ሞኝ ናት፤ በአንድ መብራት ሁለት ዓመት ታበራለች።

እናቴ ለእነሱ መደብር የሶፋ ልብስ ትሰፋለች። የሰፋችውን የምታስረክበው በጓሮ በር ነው። ይህን የነገርኩት ቀን ልዑሉ በጣም አዘነ። ሐዘን ያምርበታል። «ስለ እኛ ለእማዬ ቀስ ብዬ ነው የምነግራት» አለ። «የደም ግፊት አለባት። ድንገት ከሰማች አንድ ነገር ትሆንብኛለች።» የሰው እናት ገዳይ መሆን ስላልፈለግኩ ጠበቅኩ። እህቱ እስክታገባ ጠበቅኩ። አዲሱ ቅርንጫፍ እስኪከፈት ጠበቅኩ። መድኃኒቱ እስኪስማማቸው ጠበቅኩ። ጓደኞቼ ሲያገቡ፣ ሲወልዱ፣ አንዷማ ስትፋታ፣ እኔ የማላውቃቸው ሴትዮ የደም ሥር ላይ ዘብ ቆሜ ነበር።

ቪዲዮውን እንዳየሁ ደወልኩለት። በምሳ ሰዓት መጣና ከሕንጻው በታች መኪናው ውስጥ ጠበቀኝ። ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

«አየሽው አይደል?» አለ።

«አየሁህ። ኮቱ አምሮብሃል።»

«እንደሱ አትበዪ።»

«ምን ልበል ታዲያ? ‹የቤቴ ብርሃን የምትሆነኝን ሴት እጠብቃለሁ› ያልከው ላይ ሙዚቃ ልጨምርበት? ቀስ ያለ ይሻላል ወይስ ሞቅ ያለ?»

መሪውን ጨብጦ ወደ ፊት አየ። መኪናው ቆሟል፤ የሚነዳው ነገር የለም።

«ስሚኝ የኔ ዓለም» አለ። «እምቢ ብላት ትወድቅብኛለች። ቪዲዮው ይሂድ። ልጅቷ ላትወደኝ ትችላለች። በዚህ መሃል ጊዜ እናገኛለን።»

«ብትወድህስ?»

መልስ ሲያጣ ዓይኑን ዓይኔ ላይ ይተክላል። አሳምሮ የሚችለው ነገር እሱ ነው።

«ደግመሽ እዪው» አለኝ ዝግ ብሎ። «ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር ወደ ጎን አያለሁ። እዚያ የቆምሽ አስመስዬ ነው። የተናገርኩት ሁሉ ላንቺ ነው። ካሜራውም እማዬም አያውቁም፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ ብዬ ነው።»

እጄን የበሩ እጀታ ላይ አሳረፍኩ።

«ሌላ ሰው ደግሞ እንዳይነካው። አንቺ ስሪው። ሌላ ሰው ያበላሸዋል።»

ይህን ሲል መውረድ ነበረብኝ። የመኪናውን በር እስኪገነጠል ድረስ መዝጋት፣ ቁጥሩን ማጥፋት ነበረብኝ። ማንኛዋም ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ነገር ብትነግረኝ በጥፊ ላነቃት ይቃጣኝ ነበር። «እሺ» አልኩት። ደረጃውን ስወጣ ልቤ እንደ ጅል ይዘላል። ወደ ጎን አይቷል። ወደ እኔ አይቷል።

*

እንደማይሆን እያወቅኩ መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ሞከርኩ። ጥቁሩን አውጣ አልኩት ኮምፒውተሩን፤ አወጣ። ጸጉሩ ጠፋ፣ ኮቱ ጠፋ፣ ዓይኖቹ መሃል ሁለት ቀዳዳ ተከፈተ። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የመጻሕፍት ጀርባ ይታያል። ፊትና ሁለት እጅ ብቻ መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥለው ስለ ትዳር ይናገራሉ።

ሎጋው መጥቶ ከኋላዬ ጎንበስ አለ። «እንኳን ደስ ያለሽ። ልዑሉ ጭንቅላት ውስጥ መጽሐፍ ገባ።»

«ዞር በልልኝ።»

«እኔ የምለው፣ እንደዚሁ ብንልከውስ? ልጅቷም ምን እንደምታገባ ትወቅ።»

«ሎጋው፣ ሥራ የለህም?»

«አለኝ። አንቺ ግን ሥራ ላይ ሳይሆን ሌላ ነገር ላይ ያለሽ ትመስያለሽ» አለና ገመዱን እየጠቀለለ ሄደ።

የቀረው መንገድ በእጅ ነው። የሰውየውን ዙሪያ በቀጭን መስመር ትከብቢዋለሽ። በተንቀሳቀሰ ቁጥር መስመሩን ታንቀሳቅሻለሽ፣ በእያንዳንዱ ምስል ላይ፤ አንዲት ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ሃያ አምስት ምስል አለ። እንደ ድንጋይ የሚቆም ሰው ከሆነ ያልፋል። ልዑሉ ግን ሲናገር ራሱን መነቅነቅ ይወዳል። ያሰበበት እንዲመስል ነው።

ከጆሮው ጀመርኩ። ከጆሮው ወደ አገጩ፣ አገጩ ሥር ወዳለችው ትንሽ ጠባሳ፣ ከዚያ ወደ ትከሻው። ቀኑን ሙሉ እሱን እከብበዋለሁ፤ ቤት ገብቼ ዓይኔን ስጨፍን እጄ ሳያስበው ያንኑ መስመር ይከተላል። ለሌላ ሴት እየቆረጥኩት እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ጠርዙን ባለሰለስኩ ቁጥር እሱን የምዳብስ ይመስለኛል። ይህን ውርደት ማንም የደሞዝ ወረቀት ላይ አይጽፈውም።

ያለውም እውነት ነበር። «የቤቴ ብርሃን የምትሆነኝ» ይላል፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይለሰልሳል፣ ይመለሳል። «የምደገፍባት፣ የምትደገፍብኝ» ይላል፣ እንደገና ወደ ጎን። ሥራዬን አቁሜ ያቺን እይታ ብቻ ደጋግሜ አየሁ። መደብር ቢኖራቸው፣ የጓሮ በር ቢኖራቸው፣ ባሕር ማዶ ሙሽራ ብትኖራቸው፣ ያቺ እይታ የኔ ናት አልኩ። ማንም አይወስዳትም አልኩ።

ያስቸገረኝ ጸጉሩ ነው። ጥቁር ጸጉር ጥቁር ከፈይ ላይ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ለዚህ ዘዴ አለ፤ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ የጨለማውን ክፍል ብርሃን ከፍ ታደርጊዋለሽ። ምስሉ አመድ ይመስላል፣ የሰው ፊት የታመመ ይመስላል፣ ግን ጥቁር ሆኖ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ከፍ አደረግኩት። ከፈዩ ግራጫ ሆነ። ጸጉሩ ዘለላ በዘለላ ተለየ። የጨርቁ እጥፋትና የተሰቀለበት ሚስማር ሳይቀር ታየ።

እሱ በሚያይበት በኩል ከፈዩ እስከ ዳር አልደረሰም ነበር። ካለቀበት ቀጥሎ የተጠረበ የእንጨት ጠርዝ ቆሟል። ከጠርዙ ውስጥ መስታወት አለ። የቁመት መስታወት፣ መደብራቸው መግቢያ ላይ የሚያቆሙት ዓይነት፣ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ።

ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለስኩት። «የቤቴ ብርሃን የምትሆነኝ» አለ። ዓይኑ መስታወቱ ላይ አረፈ። አገጩን ትንሽ ቀና አደረገ፤ ከጎን ሲታይ እንደሚያምር ያውቃል። ለሰለሰ። ተመለሰ። የሚቀጥለውን አየሁ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም እጁ ወጥቶ የክራቫቱን ቋጠሮ ነካ አደረገ፣ ወደደው፣ ወረደ።

ተቀናቃኜ ባሕር ማዶ ያለች መስሎኝ ነበር። እዚያው ሳሎን ውስጥ ክራቫት አስሮ ቆሟል።

ሳቅኩ። «ምን አገኘሽ?» አለኝ ሎጋው ከወዲያ ማዶ። «ምንም» አልኩት። ሳቄ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊዞር ሲል ከንፈሬን ነከስኩ፣ መስታወቱን ቆርጬ ጣልኩ፣ ጸጉሩን ቀጠልኩ። ሥራውን አሳምሬ ጨረስኩት። የሚያየው ሰው በፍቅር የተሠራ ነው ይላል።

*

እሜቴ ሊያዩ መጡ፣ ልጃቸውን አስከትለው። አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ተቀመጡ ሲባሉ መጀመሪያ ጎንበስ ብለው የወንበሩን ሆድ አዩ። «የተያያዘው በሙጫ ነው» አሉ። ጋሼ በወንበሩ ስም ይቅርታ ጠየቀ።

ልዑሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እናቱ ባሉበት እኔን አለማየት ይችልበታል። ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ እንኳ ዓይኑ ይንቀሳቀሳል፤ የእሱ አይንቀሳቀስም። ብዙ ተለማምዶታል።

አጫወትኩላቸው። መጻሕፍቱ ፊት ቆሞ ስለ ብርሃን ተናገረ፣ ወደ ጎን አየ፣ ተመለሰ።

«መጻሕፍቱ ያምራሉ» አሉ እሜቴ። «አንዱንም አላነበበም፤ ግን ያምራሉ።» ከዚያ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳቡ። «ጸጉሩን ምን አድርገሽው ነው? አንዷ እንኳ አልጠፋች።»

«በእጅ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

መነጽራቸውን አወለቁና ወደ እኔ ዞሩ። እንጨት ሲገዙ እንዲህ የሚያዩ ይመስለኛል፤ ስንጥቁን እየፈለጉ።

«አገጩ ሥር ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር ትተሽለታል» አሉ። «ሌላ ሰው ቢሆን ቆሻሻ መስሎት ያጠፋት ነበር። ልጄን የምታውቂው ይመስላል።»

እሜቴ የጠየቁት እኔን ነው፣ እኔ ግን እሱን አየሁ። በዚያች ቅጽበት መስታወቱን ረስቼለት ነበር። መኪና ውስጥ ያለኝን ሁሉ፣ ያስጠበቀኝን ሁሉ ረስቼለት ነበር። አንድ «አዎ» ይበቃኝ ነበር። አዎ ቢልና እናቱ ወንበሩን አንሥተው ቢወረውሩብኝ፣ ከመደብሩ ቢያባርሩት፣ ከእናቴ የስፌት መኪና አጠገብ አልጋ እዘረጋለት ነበር።

«እማዬ፣ ሥራዋ እኮ ነው» አለ።

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ይቅር የምለው ይመስለኛል።

«አንተን አልጠየቅኩም» አሉ እሜቴ፣ ዓይናቸውን ከኔ ሳያነሡ።

«አውቀዋለሁ» አልኩ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሥራዋ ነው ያለውም እውነቱን ነው።»

ጋሼን ሳል ያዘው። ልዑሉ ከግድግዳው ተላቀቀ፣ ግን የትም አልሄደም።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የሶፋ ልብስ የምትሰፋልዎት ሴት ልጅ ነኝ።»

«አወቅኳት። ስፌቷ አይፈታም።» ምስጋና ይሁን ሌላ ነገር አልገባኝም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«እማዬ፣ ቤት ሄደን እናወራለን። ግፊትሽ ይነሣል።»

«ምኔ ይነሣል?»

«ግፊትሽ።»

«እኔ ግፊት አለብኝ?» አሉ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። የሚያውቅ ይመስል ወደ ጋሼ ዞሩ። «ባለፈው ሐኪሙ ‹እንደ ኮረዳ ነዎት› ብሎኛል። ክኒን ውጬ አላውቅም። ማነው ግፊት አለባት ያለህ?»

እኔ የተስማማቸውን መድኃኒት አስታወስኩ። መኪና ውስጥ እጄን ይዞ «ዛሬ ትንሽ ተሽሏታል» ሲለኝ፣ እኔም «እግዜር ይማራት» ስል። ስለ ጤናቸው የጸለይኩላቸው ሴት ከኔ የተሻለ ጤና ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

እሜቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። ነገር ለመረዳት ብዙ ጊዜ የሚፈጅባቸው ሰው አይደሉም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ። «አልዋሽሽም። ብሰማ ኖሮ እቃወም ነበር። በጓሮ የምትገባ ሴት ልጅ በፊት በር ሙሽራ ሆና ስትገባብኝ ደስ አይለኝም። ጮኼ፣ ሰድቤሽ፣ ምናልባት እናትሽንም ሥራ እከለክላት ነበር። ይሄ ልጅ ግን ለዚያም አላበቃኝ። ሳልጣላሽ አሸነፍኩሽ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ አይጥመኝም።»

«አላሸነፉኝም» አልኩ። «የምንጣላበት ሰው አልነበረም።»

የከንፈራቸው ዳር ትንሽ ተነሣ። ሊስቁ ፈልገው የተዉት መሰለኝ። ተነሥተው ቦርሳቸውን ያዙ።

«ቪዲዮውን አትላከው» አሉት ጋሼን። «ያቺ የሰው ልጅ ምን አጠፋች።»

ጋሼ እስከ ታች ሊሸኛቸው ተከትሏቸው ወጣ።

*

ሁለታችን ቀረን። ልዑሉ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ፣ ይህን ባላየው እመርጥ ነበር፣ ፊቱ ፈካ።

«በቃ አወቀች» አለ። «ቀለለን እኮ። ስፈራው የኖርኩት ነገር አለፈ።»

«አለፈህ። እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም።»

ቀረብ አለ። ሽቶው የማውቀው ነው። «ፈርቼ ነበር» አለ። «አንቺን እንዳላጣ ፈርቼ ነበር።»

«የፈራኸው እኔን ማጣት አይደለም። ሰው እንዳይቆጣህ ነው የፈራኸው። ተቆጥታ፣ ጮኻ፣ የሚወጣላት እናት ናት ያለችህ። እሷን አልጋ ላይ አስተኝተህ ሁለት ዓመት እንዳስታምማት አደረግከኝ።»

«እወድሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ማንም በማያይበት ትወደኛለህ።» የቀረውን ሳልናገር ልተወው ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም። «መስታወቱን አይቼዋለሁ።»

«የቱን መስታወት?»

በጣቴ ስክሪኑን አሳየሁት። ገባው። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የሚያምር ውሸት ሲሰናዳ አየሁ፣ ከዚያ ሲተወው። ምናልባት በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገረኝ።

«ኮሌታዬ የተጣመመ መስሎኝ ነው» አለ።

ቆመ። የሚጠብቀውን አውቃለሁ። በተጣላን ቁጥር መጨረሻ ላይ እንዲህ እጁን ጥሎ ይቆማል፣ እኔም «ግድ የለም» እለዋለሁ፣ ነገሩ ያልቃል። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልመጣም። እልህ ይዞኝ አልነበረም፤ ከምር ፈልጌው ነበር፣ አጣሁት። እሱ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ትንሽ ጨመረ። የኔን ዝምታ ሰምቶት ስለማያውቅ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ኮቱን አስተካክሎ ወጣ።

ጽዳት የምትሠራው ሴት ደረጃውን ገና ማጠቧ ነው። እሱ የሚያደርገው ደግሞ ታቹ እንደ ጠረጴዛ የለሰለሰ ጫማ ነው። የእግሩን ድምፅ ከወንበሬ ሳልነሣ ተከተልኩት፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው፣ አንዴ ሲቆም፣ እንደገና ሲወርድ። ንቄዋለሁ። ከልቤ ነው የናቅኩት፤ በሕይወቴ ማንንም እንዲህ ንቄ አላውቅም። እንዲያም ሆኖ ታች ደርሶ የውጭው በር እስኪዘጋ ድረስ፣ አዳልጦት እንዳይወድቅ ሰግቼ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ለዚህኛው ደግሞ ራሴን ናቅኩ።